የመቅደላው መሐንዲስ ኒሻኖችና ያልተመለሰው አደራ

አዳማ እንጀራዋ ከመንገድ ነው። ከጂቡቲ የሚመጣው ተሳቢ በከተማችን በኩል ያልፋል፤ የድሮው ባቡርም አዲሱም ሀዲዳቸው በዚሁ ተዘርግቷል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው የፍጥነት መንገድም መዳረሻው እዚሁ ነው። በሞጆ ታጥፎ በመቂና በባቱ በኩል እስከ ሻሸመኔ የሚወርደውን የስምጥ ሸለቆ መስመር ይዘው የተደረደሩትን ከተሞችም ያፋፋቸው መንገድ ነው። እዚህ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው መንገድ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን ምን ጭኖ እንደሚሄድም ማየት ለምዷል። የዝግጅት ክፍላችን ዛሬ በአንድ የጦር መሐንዲስ አገልግሎትና ኒሻኖች ላይ ፍርዱን ሲሰጥ የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

ሚያዝያ ለኢትዮጵያውያን ሁለት ትልልቅ ቀኖች አሏት። ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ነው፤ ባንዲራ ይሰቀላል፣ አበባ ይቀመጣል። ሚያዝያ 6 ግን አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ያልፋል። በዚያ ቀን በ1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ወጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ያንን ጦር የመራው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነበር። ፍርዳችንን ሳናንዛዛ እናስቀምጠው፤ ናፒየር በዘመኑ ከነበሩት የጦር መሐንዲሶች ሁሉ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፣ ሙያውን አንክድም። ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ እስካልተመለሰ ድረስ ግን በመቅደላ ስም የተሰጠውን ክብር ኢትዮጵያውያን በክብርነቱ ልንቀበለው አይገባም። ይህን ስንል ደግሞ የራሱን የናፒየርን ቃል ይዘን ነው።

ናፒየር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1810 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ነው። በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ በ1826 በቤንጋል መሐንዲስ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ። የመጀመሪያ ሥራው የመስኖ ቦይ ነበር፤ ቀጥሎ በሂማሊያ ግርጌ የዳርጂሊንግን ከተማ ከነመንገዷ ቀየሰ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በጦርነት ላይ ይደረብ ጀመር። በሱትሌጅ ዘመቻ ሲኮችን ወጋ፣ በፑንጃብ ዘመቻ የሙልታንን ከተማ ከበበ፣ በ1857 በተነሣው የህንድ ዐመፅ ጊዜ በላክናው ተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ቻይና ድረስ ዘልቆ የታኩን ምሽጎች ሰበረ። ደጋግሞ ቆስሏል። በየዘመቻዎቹ መካከል ግን ወደ መሐንዲስነቱ ይመለስ ነበር፤ ፑንጃብ ከተያዘች በኋላ መንገዷንና የመስኖ ቦዮቿን ያሠራው እሱ ነው። ደረቱ ላይ የተደረደረው ሜዳልያ የእንግሊዝ መንግሥት በእስያ ያደረገውን መስፋፋት ከዳር እስከ ዳር ያስነብባል። ወደ እኛ አገር የመጣው በ57 ዓመቱ፣ የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ሳለ ነው።

የመጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ንጉሡም የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ለማስፈታት የተላከው ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደር ነበረው፤ ጭነት የሚነዳውና ስንቅ የሚያዘጋጀው ሕዝብ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው 640 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በረሃ፣ ገደልና ደጋ ነው። መሐንዲሱ ችሎታውን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ዙላ ላይ መርከብ የሚራገፍበት ድልድይ ወደ ባሕር ውስጥ አስገባ፤ የመጠጥ ውኃ ስላልነበረ የባሕር ውኃ እየተጣራ እንዲጠጣ አደረገ፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ የባቡር ሀዲድ ዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ሳበ። ከባድ መድፎችን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ መጡ። ሰንዓፈን፣ አንታሎንና አሸንጌን እያለፈ በየደረሰበት የስንቅ ማከማቻ እያቋቋመ ገሰገሰ። የእንግሊዝ ፓርላማ መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 9 ሚሊዮን የተጠጋው በዚህ ሥራ ነው።

ገንዘቡ ግን ብቻውን አላደረሰውም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ መንገዱን ባይለቁ፣ ገበሬው እህልና ገለባ ባይሸጥ፣ አህያና በቅሎ ነጂው ባይሸከም ያ ጦር ደጋው ላይ በረሃብ ያልቅ ነበር። ኢትዮጵያዊው ሻጭ ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ሌላ አልቀበልም ስላለ እንግሊዞች ብሩን ቪየና ድረስ ልከው አሳትመዋል። ይህ በእኛ የታሪክ መጻሕፍት ብዙም የማይወራ፣ ለማንበብም ደስ የማይል ገጽ ነው። ቢሆንም መቅደላን ያወደቀው የዝሆንና የሀዲድ ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርስ ያልተማመነች አገርም ነበረች።

ከናፒየር ቀድሞ በዚያው ተራራ ላይ መንገድ የጠረገ ሌላ መሐንዲስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አንስተው መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። በዋድላና በደላንታ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል፣ ቋጥኝ እየተፈለጠና አፈር እየተደለደለ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ የተሠራው ያ መንገድ በኋላ የተጠቀመበት ማን ሆነ? የናፒየር ጦር። የእንግሊዝ መድፎች ጅዳን ወርደው የወጡት የንጉሡ ሰዎች በቀደዱት መንገድ ነው፤ አብረው የዘመቱ እንግሊዛውያን ጸሐፊዎችም የሥራውን ጥራት አድንቀዋል። ያንን ቋጥኝ የፈለጠ የበጌምድር ሰው ስሙ በየትኛውም ሜዳልያ ጀርባ የለም። የትምህርት ቤት መጻሕፍታችንም ቢሆኑ ስለ ሴባስቶፖል ሲያወሩ መድፉን እንጂ መንገዱን አይነግሩንም።

ዓርብ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በአሮጌ ሜዳ የሆነውን ውጊያ ማለት ይከብዳል። ፊታውራሪ ገብርዬ የመራው ጦር ከምሽጉ ተንደርድሮ ሲወርድ ከኋላው ተጎርሶ በፍጥነት የሚተኩስ ስናይደር የተባለ አዲስ ጠመንጃ ጠበቀው። ገብርዬ ወደቀ፣ ከእሱ ጋር ኢትዮጵያውያን በመቶዎች አለቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ በኮኪት በር ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ የኒሻንን ነገር ለሚያጠና ሰው ሊታለፍ አይገባውም። በሩን በባሩድ እንዲያፈርስ የታዘዘው የመሐንዲስ ቡድን በሩ ሥር ደርሶ ባሩዱንም መሰላሉንም ረስቶ እንደመጣ ታወቀ። እነሱ ተመልሰው እስኪያመጡ የሠላሳ ሦስተኛው ክፍለ ጦር ሁለት ወታደሮች እሾህ አጥሩን ጥሰው ቅጥሩን ዘለሉና በሩ ከውስጥ ተያዘ። ሁለቱም የእንግሊዝ ትልቁን የጀግንነት ኒሻን፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ ተሸለሙ። ራስ እንግዳ እዚያው በሩ አካባቢ ሞተዋል፤ ንጉሡም ከውስጥ፣ ቪክቶሪያ ራሷ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ።

ለዘመቻው የወጣውን ሜዳልያ ለአንባቢ እንግለጸው። ከብር የተሠራ ትንሽ ክብ ነው፤ ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሀሉ ላይ ቀይ ሰንበር አለው፤ ማንጠልጠያው ዘውድ ነው። በፊቱ የቪክቶሪያ መልክ በዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ተከቦ ይታያል። በዘጠኙ ጫፎች መካከል ዘጠኝ የላቲን ፊደላት ተበትነው ገብተዋል፤ ሲገጣጠሙ የአገራችንን የድሮ የውጭ ስም ይሰጣሉ። ጀርባው ላይ በአበባ ጉንጉን መሀል የተሸላሚው ስምና ክፍለ ጦሩ ጎልቶ ተቀርጿል። ስምን እንዲህ በየአንዳንዱ መቅረጽ ውድና ያልተለመደ ሥራ ነበር። ናፒየር ራሱ ከዚህ አልፎ በዚያው ዓመት ባሮን ተባለና ‹የመቅደላ› የሚል ማዕርግ ከስሙ ጋር ተቀጠለለት፤ ፓርላማው ጡረታ ቆረጠለት፤ በኋላም ፊልድ ማርሻል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሞት በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። በለንደን ኩዊንስ ጌት ዛሬም ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

እንግዲህ በመንገዱ የተመለሰውን ጭነት እንመልከት። የታሰሩት ሰዎች ተፈትተዋል፤ ዘመቻው የወጣበት ጉዳይ በዚያ አልቆ ነበር። ወታደሩ ግን የንጉሡን ግምጃ ቤትና የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበረ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ፣ አልባሳት ሁሉ ተጋዘ። ዝርፊያውን ወደ ደላንታ ሜዳ ለማድረስ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። እዚያ ሁለት ቀን የቆመ ሐራጅ ተደረገ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ገንዘብ ይዞ አብሮ ዘምቶ ስለነበር ብዙውን ገዛ። ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። አምባውም ተቃጠለ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ አጽሙ እንዲመለስ በተደጋጋሚ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ አልተቀበለም።

አንዳንድ ሰው ‹ናፒየር ወታደር ነው፣ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ዝርፊያ ደግሞ የዘመኑ ልማድ ነበር› ይላል። ይህን መከራከሪያ ቀልለን አናየውም። በጊዜው እንዲያ ያስቡ የነበሩ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ከእነዚያ መካከል ናፒየር ራሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1871 ጉዳዩ በእንግሊዝ ፓርላማ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው እጅግ ማዘናቸውን ተናገሩ፤ የናፒየርንም አሳብ ጠቀሱ። ናፒየር ያለው ዕቃዎቹ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ሀብት ጋር መቀላቀል እንደሌለባቸውና ወደ ኢትዮጵያ መመለስ እስኪቻል በአደራ ብቻ መቀመጥ እንደሚገባቸው ነው። ዘመቻውን የመራው፣ በመቅደላ ስም ባሮን የተባለው ሰው ይህን ብሏል። ስለዚህ እኛ ዛሬ የምንጠይቀው የዘመናችንን ሥነ ምግባር ወደ ኋላ ወስደን በሙታን ላይ መጫን አይደለም። አዛዡ በሦስተኛው ዓመት የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ አልተፈጸመም፣ ይፈጸም ነው የምንለው። ኒሻኑን የሚያከብር መንግሥት የተሸላሚውንም ቃል ማክበር አለበት።

‹ዕቃው እዚያ በመቀመጡ ተጠብቆ ቆየ› የሚለውም አይዋጥልንም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ከሌሎች ጋር የመቅደላን ቅርስ የሚያስመልስ ማኅበር አቋቁመው ሲታገሉ በኖሩባቸው ዓመታት ይህ መልስ ደጋግሞ ሲሰጣቸው ነበር። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የወርቅ ዘውዱንና ጽዋውን ‹በረጅም ጊዜ ውሰት› ለመስጠት አሳብ አቅርቧል። የራስን ንብረት በውሰት መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጉዳዩ የማይሆን ነገር ነው ለሚለው ደግሞ ከአዳማ ወጣ ብሎ ቆቃን ማየት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ የ25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። ድርድሩ ተጓትቶ እ.ኤ.አ. በ1956 ገንዘቡ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ ከዚያ ካሳ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ። አዋሽ ላይ 458 ሜትር ተዘርግቶ የቆመው ግድብ በሦስት ተርባይን 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጭ ዘንድ የተሠራ ነው። የወራሪ መሐንዲሶች ለጦር ያገለገለ መንገድ ባወጡበት አገር የወራሪ ካሳ መብራት አበራ። ሁሉም ነገር የተባረከ ነበር አንልም፤ ሐይቁ ሲሞላ የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው በውኃ ተውጧል፣ ያንን ዕዳ ደግሞ አገር ቤት ማንም በአግባቡ አልከፈለም። ቢሆንም ግድቡ ቆሟል። በዚያው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለሳል የተባለው የአክሱም ሐውልትም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሷል። ዘግይቷል፣ ግን ተመልሷል። ጣሊያን ያደረገችውን እንግሊዝ የማታደርግበት ምክንያት አይታየንም።

በውጭ መንግሥት የተሸለመ መሐንዲስ ሁሉ በእኛ ዘንድ በአንድ ዓይን ይታይ ማለታችን ግን አይደለም። ከናፒየር ጋር የዘመተው የቦምቤይ መሐንዲስ ጦር ከ73 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የመጣው ፋሺስትን ለማስወጣት ነው። ከዚያ ክፍል የነበረ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የ22 ዓመት ህንዳዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ 1941 ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ አራት ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ፈንጂ ሲያነሳ ዋለ። በ55 ማይል ላይ የተቀበሩ 15 የፈንጂ ቀጠናዎችን አጸዳ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረግጦ አብረውት የነበሩ ሰዎች ተጎድተዋል፤ የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀዷል፤ ተተካ ሲሉት እምቢ ብሎ ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመ የመጀመሪያው ህንዳዊ መኮንን እሱ ነው፤ በኋላ የነጻዋ ህንድ ሌተናንት ጄኔራል ሆኗል። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ፣ ደግሞ ጣሊያኖች ያፈረሷቸውን የአዋሽ ድልድዮች ተሻግሮ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር በእኛው መስመር አዲስ አበባ ገባ፤ ከፊሉም ወደ ሐይቆቹ ዞሮ እስከ ሻሸመኔ ወረደ። ባጋት ያገለገለው የእንግሊዝን ንጉሥ ነው፣ እሱም በቅኝ ግዛት ሥር ያለ አገር ልጅ ነበር። የእሱ ሜዳልያ የተሰጠው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ በኋላ ከብቱን ይዞ በሰላም ለሄደበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚያስታውሰው አንድ ድንጋይ ቢቆም ለአማራ ክልል የሚከብድ ወጪ አይደለም።

አሁን ማን ምን ያድርግ? የእንግሊዝ መንግሥት ከሁሉ በፊት ታቦታቱን ይመልስ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፤ ለቅድስናቸው ሲባል ተሸፍነው በተዘጋ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የሙዚየሙ ሠራተኛ እንኳ ገልጦ አያያቸውም። ማንም የማያየውን፣ ማንም የማያጠናውን ነገር ሙዚየም ለምን ይይዛል? እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ለስብስቡ የማይሆን ሆኖ የተገኘን ዕቃ ለማስወጣት ለባለአደራዎቹ ሥልጣን ይሰጣል፤ ፓርላማ አዲስ ሕግ እስኪያወጣ መጠበቅም አያስፈልግም። በኤድንበራ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ የነበረው ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው የሚቀረው ጉዳይ የፈቃድ እንጂ የአቅም እንዳልሆነ ያውቃል።

ከእኛ የሚጠበቀውም አለ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቹን ቆቃን እንደሚያስጎበኝ ሁሉ መቅደላም ሊወስዳቸው ይገባል ብለን እናምናለን። ከጅዳ እስከ በሽሎ ያለው የቴዎድሮስ መንገድ በመሐንዲስ ዓይን ተለክቶ፣ ካርታ ወጥቶለት፣ የናፒየርም መስመር ከጎኑ ተሰምሮ የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ። ሴባስቶፖል እዚያው አምባው ላይ አለ፤ ለመድረስ ዛሬም መንገዱ አስቸጋሪ ነው። መንገዱን የሚጠግነው የክልሉ መንገድ መሥሪያ ቤት በዚህ ዓመት በጀቱ ውስጥ ያስገባው።